ሴንት ጆን ደሴት ላይ አንድ ሳምንት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የአሜሪካ ዜግነት አለን። የ9 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉን፤ 71 ዓመት የሞላቸው እናቴም በግሪን ካርድ አብረውን ይኖራሉ። እስከ ዛሬ የዕረፍት ጊዜያችንን ያሳለፍነው ወይ አገር ቤት ሄደን፣ ወይ ሌላ ስቴት ያሉ ዘመዶቻችንን እየጠየቅን ነው። ዘንድሮ ግን አምስታችንም አንድ ላይ ሆነን፣ ሰው ባልበዛበት ትንሽ የካሪቢያን ደሴት አንድ ሳምንት ለማረፍ አስበናል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ውስጥ ያለችውን ሴንት ጆንን ነገረችኝ። ፓስፖርት ያስፈልገናል? የትኛው ወር ይሻላል? ማረፊያና መኪናስ እንዴት ነው? እናቴ ዋና አይችሉም፤ ደረጃና ዳገትም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለእርሳቸው የሚሆን ነገር ከሌለ ባንሄድ እመርጣለሁ።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ለእናትዎ የሚሆን ነገር በእርግጥ አለ። እንዲያውም ዕቅዱን ከእርሳቸው ቢጀምሩት ለሁላችሁም የተሻለ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በሴንት ጆን የሚያስቸግሩት ነገሮች፣ ማለትም ደረጃው፣ ዳገቱ፣ ጠመዝማዛው መንገድና ሲመለሱ የሚጠየቀው ሰነድ፣ ከሁሉ በፊት የሚመለከቱት እርሳቸውን ነው።

ደሴቷ ከሦስቱ ዋና ዋና የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ትንሿ ናት። ስፋቷ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነዋሪዎቿም 4000 ገደማ ብቻ ናቸው። ከመሬቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው የቨርጂን ደሴቶች ብሔራዊ ፓርክ ይዞታ ነው። ሎረንስ ሮክፌለር የተባሉት ባለጸጋ 5000 ኤከር የሚያህል መሬት ለፓርኩ ምሥረታ በስጦታ በማስረከባቸው፣ የሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ዛሬም በአብዛኛው ሆቴል ያልተደረደረበት፣ ደን ከአሸዋው ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ሆኖ ቆይቷል። ባልደረባዎ ይህችን ደሴት የመረጡላችሁ ለዚህ ከሆነ ምክራቸው ትክክል ነው።

አሁን ወደ ሰነዱ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ብዙ ወገኖቻችን «አገር ውስጥ ነው» በሚለው ቃል ብቻ ተማምነው ቲኬት ስለሚቆርጡ ነው። ሴንት ጆን የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ከሜሪላንድ ስትነሡ ጉዞው እንደ ማንኛውም የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ ዜጎች ፓስፖርት እንዲይዙም ሕግ አያስገድድም። ስትመለሱ ግን ነገሩ ይለያል። ቨርጂን ደሴቶች ከአሜሪካ የጉምሩክ ክልል ውጭ ስለሆኑ፣ በጎረቤት ደሴት በሴንት ቶማስ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዋናው ምድር የሚበር መንገደኛ ሁሉ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት በጉምሩክና በኢሚግሬሽን መኮንኖች ፊት ያልፋል። መኮንኑ ዜግነትዎን ይጠይቃል፤ ማስረጃ እንዲያሳዩም ሊጠይቅ ይችላል። የመንጃ ፈቃድ፣ ሪል አይዲ የሚባለው እንኳ ቢሆን፣ ማንነትዎን እንጂ ዜግነትዎን አያረጋግጥም። ስለዚህ እርስዎና ባለቤትዎ የአሜሪካ ፓስፖርት ካላችሁ ያዙት፤ ለልጆቹም ፓስፖርታቸውን ወይም የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ያዙ። የእናትዎ ግሪን ካርድ ደግሞ ዋናው ካርድ መሆን አለበት፤ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ አይበቃም። የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ይመልከቱ። ጊዜው አልፎ የእድሳት ማመልከቻ አስገብተው ከሆነ፣ ካርዱ መራዘሙን የሚገልጸው ደብዳቤ ከካርዱ ጋር አብሮ ይያዝ። የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውንም ቢጨምሩበት መልካም ነው።

የመመለሻው ፍተሻ ሰልፍ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ይረዝማልና ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ለእናትዎ ቲኬት ሲቆርጡ ዊልቸር እንዲመዘገብላቸው ይጠይቁ፤ ብዙ እናቶቻችን ይህን ሲሉ የሚያፍሩ ቢሆንም፣ በዚያ ሙቀት ረጅም ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ለታመመ ጉልበት ከባድ ነው። ፍራፍሬና አትክልትም ይዛችሁ እንዳትመለሱ፤ የእርሻ ተቆጣጣሪዎች ስለሚፈትሹ ሊወሰድባችሁ ይችላል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ከሴንት ጆን ማዶ፣ በዓይን በሚታይ ርቀት፣ የብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች አሉ፤ የጀልባ አዝናኞችም ወደ ጆስት ቫን ዳይክና ወደ ቨርጂን ጎርዳ የቀን ጉዞ ይሸጣሉ። ርቀቱ አጭር ቢሆንም ያ ጉዞ ከአሜሪካ መውጣት ነው፤ ፓስፖርት የግድ ይላል፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዙት እናትዎም የቪዛውን ደንብ አስቀድሞ ከዚያው ግዛት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማጣራት ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ ሴንት ጆን ለብቻዋ ለሳምንት ትበቃለች፤ ከደሴት ደሴት መዝለል ለልጆችም ለአረጋዊም ዕረፍት አይሆንም።

ስለ ወሩ የጠየቁት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ውሳኔ ነው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ያለው ጊዜ ከፍተኛው ወቅት ስለሆነ የማረፊያ ዋጋ ይወጣል፤ ጥሩ ጥሩ ቤቶችም ከወራት በፊት ይያዛሉ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል፤ የሚበረታው ግን ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ የተባለው አምስተኛ ደረጃ አውሎ ነፋስ ደሴቷን ክፉኛ ጎድቷታል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ማሪያ ደረሰ። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ብዙ ምግብ ቤቶችም ይዘጋሉ። የልጆቹን ትምህርት ቤት ከግምት ካስገባን እኔ የምመርጥላችሁ ትምህርት እንደተዘጋ ያለውን የጁንን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ዋጋው ከከፍተኛው ወቅት ዝቅ ይላል፣ ባሕሩ ይሞቃል፣ በሰሜኑ ዳርቻ በአሜሪካ የብርድ ወራት የሚመጣው ከባድ ማዕበልም አይኖርም። ከጁን ጀምሮ የምትሄዱ ከሆነ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ፤ የምትገዙትም ቤቱን በያዛችሁበት ሰሞን ይሁን፤ አውሎ ነፋሱ ተነሥቶ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ለዚያው አውሎ ነፋስ አይከፍልም።

በዚያ ወቅት ሁለት ነገር እንዳያስገርማችሁ። አንደኛ፣ ቡናማ የባሕር አረም፣ ሳርጋሰም የሚሉት፣ በደቡቡና በምሥራቁ ዳርቻ ተከምሮ ሊሸት ይችላል፤ የሰሜኑ ዳርቻ በአብዛኛው ይድናል። ሁለተኛ፣ የጁን መጨረሻና የጁላይ መጀመሪያ የደሴቷ የበዓል ሰሞን ነው። በእነዚህ ደሴቶች ባርነት የቀረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1848 ስለሆነ፣ ይህ ቀን ከጁላይ 4 ጋር ተያይዞ በሰልፍና በጭፈራ ይከበራል። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ከዚያ በፊት ተመለሱ፤ ልጆቹ ሰልፉን እንዲያዩ ከወደዳችሁ ግን ቤቱን በጣም ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ሴንት ጆን አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከማያሚ፣ ከአትላንታ ወይም ከሻርለት ወደ ሴንት ቶማስ ትበራላችሁ፤ ከዚያ በታክሲ የደሴቱን ርዝመት አቋርጣችሁ ሬድ ሁክ ወደተባለው ወደብ ትሄዳላችሁ፤ ከሬድ ሁክ የሚነሣው ፌሪ በ20 ደቂቃ ገደማ ሴንት ጆን ላይ ክሩዝ ቤይ ያደርሳችኋል። ፌሪው ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ ገደማ ይመላለሳል፤ ለሻንጣ ለብቻው ይከፈላል። የታክሲ ዋጋ መንግሥት በወሰነው ታሪፍ በሰው የሚቆጠር እንጂ በመኪና አይደለም፤ አምስት ሆናችሁ ስትሄዱ ይህን አስቡት። ከሁሉ በላይ ግን ሴንት ቶማስን ከቀትር በፊት ወይም እንደተሻገረ የሚያደርሳችሁን በረራ ምረጡ። በጨለማ፣ ደክሟችሁ፣ በማታውቁት ዳገት ላይ የኪራይ ቤት መፈለግ የዕረፍት መጀመሪያ ሊሆን አይገባም።

ማረፊያን በተመለከተ በደሴቷ ትልልቅ ሆቴሎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው ቤተሰብ የሚከራየው ወጥ ቤት ያለው ቤት ወይም አፓርትመንት ነው። ፎቶግራፎቹ ሁሉ ባሕሩን ከላይ ያሳያሉ፤ ባሕሩን ከላይ ማየት የሚቻለው ግን ቤቱ ገደል ጫፍ ላይ ስለተሠራ ነው። አከራዩን በጽሑፍ የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «መኪና ከሚቆምበት እስከ መኝታ ቤቱ ስንት ደረጃ አለ?» የሚል ይሁን። ሁለተኛው «እጅ መደገፊያ አለው ወይ?» ሦስተኛው ደግሞ «አየር ማቀዝቀዣው የትኞቹ ክፍሎች ውስጥ ነው?» የሚል ነው፤ የመብራት ዋጋ በደሴቶቹ ከፍተኛ ስለሆነ ብዙ ቤቶች ማቀዝቀዣ ያላቸው በመኝታ ክፍሎች ብቻ ነው። ውኃውም ከጣራ ላይ ተሰብስቦ ከቤቱ ሥር በሚገኝ ማጠራቀሚያ የሚቆይ የዝናብ ውኃ ነው፤ አከራዮች በቁጠባ እንድትጠቀሙ ሲያሳስቡ ከልባቸው ነው። ውኃ በጀሪካን ይቀዳ በነበረበት ዘመን ላደጉት እናትዎ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም፤ ለልጆቹ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ንገሯቸው።

የቱ ሰፈር ይሻላል ብትሉ፣ ለእናንተ ክሩዝ ቤይ ይሻላል እላለሁ። ፌሪው፣ ሱቁ፣ ክሊኒኩና ምግብ ቤቱ እዚያው አካባቢ ናቸው፤ እናትዎ አንድ ቀን ባሕር አልሄድም ቢሉ እንኳ ወጣ ብለው ሰው የሚያዩበት መንደር ነው። በምሥራቅ ያለው ኮራል ቤይ ጸጥ ያለና የሚያምር ነው፤ ነገር ግን በተራራው መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚያስነዳ፣ መንገዱም መታጠፊያው ስለሚበዛ፣ ማቅለሽለሽ ለሚይዘው ሰው በየቀኑ መመላለሱ ይከብዳል።

መኪናው ጂፕ ወይም ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅስ (ፎር ዊል ድራይቭ) ይሁን፤ ማረፊያችሁን በያዛችሁ ቀን አብራችሁ ያዙት፤ በደሴቷ ያለው የኪራይ መኪና ውሱን ነውና። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ይሠራል። የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ሲሆን፣ መኪኖቹ ግን መሪያቸው እንደ አሜሪካዎቹ በግራ ነው፤ ስለዚህ ሹፌሩ ከመንገዱ ጠርዝ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ለመገመት ጥቂት ልምምድ ይጠይቃል። ባለቤትዎ ሲነዱ እርስዎ በየመታጠፊያው «ግራ፣ ግራ» ብለው ያስታውሷቸው። የዱር አህዮችም መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ በተለይ ሲመሽ ቀስ ብላችሁ ንዱ። መኪና መከራየት የማትፈልጉበት ቀን ካለ፣ ከፌሪው ወደብ አጠገብ ጎናቸው ክፍት የሆነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባቸው የጋራ ታክሲዎች ወደ ሰሜን ዳርቻ ይወስዳሉ፤ ሆኖም መወጣጫቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ለእናትዎ ደጋፊ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ባሕሩ። ትረንክ ቤይ በደሴቷ ፎቶግራፍ ሁሉ ላይ የምታዩት ዳርቻ ነው፤ መታጠቢያና መጸዳጃ አለው፣ የመግቢያ ክፍያ አለው፣ በውኃ ውስጥ ጽሑፍ እያነበቡ የሚዋኙበት መስመርም ተዘጋጅቶለታል። የ12 ዓመቱ ልጅ ይወደዋል። ለእናትዎ ግን ማሆ ቤይን ከሁሉ አስቀድማለሁ፤ መኪናው የሚያልፍበት መንገድ ከአሸዋው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከመኪና ወርደው ጥቂት እርምጃ ሄደው ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ጸጥ ያለ ቀን ዋና የማይችል ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ ሊቆም ይችላል። እርግጥ የሚጠብቃችሁ ዋናተኛ አድን ሠራተኛ አይኖርም፤ ስለዚህ እርሳቸውም ልጆቹም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበሱ፣ አንድ አዋቂም ሁልጊዜ ከጎናቸው ይሁን።

ወደ ማሆ በጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ ሂዱ። ከታች ያለው የባሕር ሣር መስክ ነው፤ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች እዚያ ይግጣሉ። ኤሊው አፉን ሣሩ ውስጥ ከቶ በዝግታ ይበላል፤ ጀርባው ላይ የተጣበቀ ረጅም ዓሣ አብሮት ሊታይ ይችላል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ፊት እግሮቹን አንድ ጊዜ ቀዝፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ራሱን ከውኃው አውጥቶ ትንፋሽ ይስባል፣ ተመልሶም ይወርዳል። ራሱን ብቅ የሚያደርግባት ያቺ ቅጽበት ዳር ለተቀመጠ ሰውም ስለምትታይ፣ እናትዎ ውኃ ሳይገቡ ከጥላቸው ሆነው ለልጅ ልጆቻቸው «ያውና!» እያሉ ሊያመለክቱ ይችላሉ። ኤሊዎቹ በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ መንካት፣ ማባረር ወይም መንገዳቸውን መዝጋት የተከለከለ ነው። ይህን ለልጆቹ አጥብቃችሁ ንገሩ፤ ኤሊው ለትንፋሽ ሲወጣ ከላይ ተከበበ ማለት አየር ተከለከለ ማለት ነውና።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት በጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። ቨርጂን ደሴቶች ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴትና ኦክቶክሪሊን የተባሉት ኬሚካሎች ያሉበትን ቅባት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከልክለዋል፤ ኮራሉን ስለሚጎዱ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ግዙ፤ ለልጆቹ ደግሞ እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። በዳርቻዎቹ ማንቺኒል የሚባል፣ ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬ የሚያፈራ መርዛም ዛፍ አለ፤ ፍሬው አይቀመስም፣ ዝናብ ሲዘንብም ሥሩ መጠለል አይገባም፤ ጭማቂው ቆዳን ያቃጥላል።

ከሳምንቱ አንድ ጠዋት ለአናበርግ ስጡ። ይህ የድሮ የስኳር ፋብሪካ ፍርስራሽ ነው፤ የነፋስ ወፍጮው ግንብ፣ የሸንኮራ ጭማቂ የሚፈላበት ቤት፣ የባሪያዎቹም መኖሪያ ቅሪት ይታያል፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ እናትዎም ቀስ ብለው ሊሄዱት ይችላሉ። ደሴቷ በዴንማርክ እጅ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1733፣ ዛሬ ጋና ከምንለው አገር የመጡ የአክዋሙ ሰዎች የሚበዙባቸው ባሪያዎች በኮራል ቤይ የነበረውን ምሽግ ያዙ። ድርቅና አውሎ ነፋስ ያስከተለው ረኃብ፣ አገረ ገዢውም በዚያው ዓመት ያወጣው የአካል መቁረጥ ቅጣት ያለበት ጨካኝ ደንብ ገፍቷቸው ነበር። የደሴቷን አብዛኛውን ክፍል ለወራት ተቆጣጥረው ቆዩ፤ የተሸነፉትም ዴንማርካውያኑ ከማርቲኒክ የፈረንሳይ ወታደሮችን ካስመጡ በኋላ በ1734 ነው። ደሴቶቹ ወደ አሜሪካ የተላለፉት እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1917 ሲሆን የተከፈለውም 25 ሚሊዮን ዶላር በወርቅ ነበር። ልጆችዎ በአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚማሩ ጥቁር ልጆች ናቸው፤ ይህን ታሪክ እዚያው ግንቡ አጠገብ ቆመው ከእናታቸው አፍ ቢሰሙት እጅግ ደስ ይለኛል።

ጉልበት ላለው ሰው ሪፍ ቤይ የሚባለው የእግር መንገድ አለ፤ ታይኖ የተባሉት የጥንት ነዋሪዎች በኩሬ ዳር ድንጋይ ላይ የቀረጿቸውን ምስሎች ያሳያል። መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሻው ግን ጠንካራ ዳገት ስለሆነ እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ከትልቁ ልጅ ጋር በማለዳ ይሂዱ፤ ሌላው ከእናትዎና ከትንሹ ልጅ ጋር ይቅር።

ወጪውን ስታሰሉ ምግቡ ሁሉ በመርከብ የሚመጣ መሆኑን አትርሱ፤ በሱቅ የሚገዛው ከሜሪላንድ ዋጋ በግልጽ ይበልጣል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቡናና ጥቂት እንጀራ በሻንጣ ብትይዙ ቁርስና ራት ቤት እየበላችሁ ምሳ ብቻ ውጭ መብላት ትችላላችሁ። በሰሜኑ ዳርቻ ስልካችሁ ከማዶው የብሪታንያ ግዛት ያለውን ኔትወርክ ሊይዝና የውጭ አገር ሂሳብ ሊያስቆጥር ስለሚችል ሮሚንጉን ዝጉት። ሱቅም ሆነ ታክሲ ስትገቡ ደግሞ ከጥያቄያችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ፤ በዚያ አገር ሳይሰላምቱ ጉዳይን መጀመር ነውር ነው፤ የዋና ልብስ ብቻ ለብሶ መንደር ውስጥ መሄድም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ጥገኝነት ጠይቄ ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው፤ የሥራ ፈቃድና የመንጃ ፈቃድ አለኝ። ጓደኞቼ ወደ ሴንት ጆን ሊሄዱ ነው፤ «አገር ውስጥ ስለሆነ ምንም ችግር የለም» ብለው እኔንም ጋብዘውኛል። እውነት ነው?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ጓደኞችዎ የተናገሩት ከፊሉ እውነት ነው፤ አደጋ ያለውም በቀረው በኩል ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ቨርጂን ደሴቶች የአሜሪካ ክፍል ስለሆኑ ወደዚያ መሄድ አገር ለቅቆ እንደመውጣት አይቆጠርም። ነገር ግን ከላይ እንደገለጽሁት ከሴንት ቶማስ ሲመለሱ በኢሚግሬሽን መኮንን ፊት ቀርበው በምን ሁኔታ እንደሚኖሩ ይጠየቃሉ። የሥራ ፈቃድ ካርድ እንዲሠሩ የተፈቀደልዎ መሆኑን ያሳያል እንጂ ቋሚ መኖሪያ አይደለም። መኮንኑ ፋይልዎን ሊመረምር፣ ጥያቄ ሊያበዛ፣ ከበረራው ሊያስቀርዎም ይችላል።

ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ጉዳይዎን የያዘውን ጠበቃ ይጠይቁ፤ መልሱንም ከጓደኛ ወይም ከአጎት ልጅ ተሞክሮ አይውሰዱ፤ የእያንዳንዱ ሰው ፋይል የተለየ ነው። የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ቢቆዩ እመርጣለሁ። የዓመታት ጥበቃ ያለበት ጉዳይ ለአንድ ሳምንት መዝናኛ ሲባል ለጥያቄ መጋለጥ የለበትም። ባሕርና ሙቀት ለማግኘት ከሆነ በፍሎሪዳ ጫፍ ያለችው ኪ ዌስት ደሴት ሆና በመኪና የሚደረስባት ናት፤ ከእርሷ ሲበሩም እንደ ሴንት ቶማሱ ያለ የኢሚግሬሽን መስኮት የለም። እርሱንም ቢሆን ለጠበቃዎ ያማክሩ።

ሴንት ጆን ለመሄድ ከወሰኑ ግን ጓደኞችዎ ወደ ብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች የጀልባ ጉዞ ሲሄዱ እርስዎ ፈጽሞ አብረው እንዳይሳፈሩ። ያ ጉዞ ከአሜሪካ መውጣት ነው፤ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የቅድሚያ ፈቃድ ሳይዝ የወጣ ጥገኝነት ጠያቂ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል፤ ለመመለስም መግቢያ ያጣል። ይህን በወፍራም ቀለም እንዲታተም ለአዘጋጁ ነግሬያለሁ፤ የጀልባው ሠራተኛ ስለ እርስዎ ፋይል የሚያውቀው ነገር የለምና ማንም እዚያ አያስጠነቅቅዎትም።

ጥያቄ፦ የምንሄድበት ሳምንት ከዓቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ደሴት ላይ የጾም ምግብ እናገኛለን ወይስ ሌላ ጊዜ እንምረጥ?
ባልና ሚስት፣ ከአትላንታ

መልስ፦ ታገኛላችሁ፤ ቢሆንም እየጠየቃችሁ መብላት አለባችሁ። የደሴቶቹ ዋና ምግብ ፉንጂ የሚባል፣ ከበቆሎ ዱቄትና ከባሚያ የሚገነፋ፣ ከገንፎ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቅቤ ይገባበታል። ካላሉ የሚሉት የጎመን ሾርባ የአሳማ ሥጋ ወይም ሸርጣን ሊኖረው ይችላል፤ ሩዝና ባቄላውም በሥጋ ተቀቅሎ ሊሆን ይችላል። የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች የሚያዘጋጁት አይታል የተባለው ምግብ ግን ሥጋ የሌለበት ነው፤ በገበያም በመንገድ ዳርም ስታዩ «ወተትና ቅቤ አለበት ወይ?» ብላችሁ አረጋግጡና ብሉ። ከኢትዮጵያ መምጣታችሁን ብትነግሯቸው ጨዋታው ሊረዝም እንደሚችል አስቀድማችሁ ሰዓታችሁን አመቻቹ፤ ለአገራችን ያላቸው ፍቅር ከልብ ነው።

ዓቢይ ጾም የሚውልበት ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ የደሴቷ ውድ ወቅት ስለሆነ ወጥ ቤት ያለው ቤት መከራየት በሁለት በኩል ይጠቅማችኋል። ምስር፣ ክክና ሽሮ ከአትላንታ ያዙ፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን ክሩዝ ቤይ ካሉት ሱቆች ይገኛል። እስከ ቀትር በኋላ የምትጾሙ ከሆነ ባሕር የምትገቡበትን ሰዓት ወደ ማለዳ አድርጉት፤ በባዶ ሆድ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ውኃም ሳይጠጡ እኩለ ቀን ላይ መዋኘት አደገኛ ነው።